ሳይባረክ የተቆረሰ ድፎ

ቅዳሴ ሊወጣ ምንም አልቀረው፤ ዘርፈሽዋል ግን መቀመጫ አጥታለች። ከጓዳ ወደ በር፣ ከበር ወደ አጥር ትመላለሳለች። የኅዳር ሚካኤል ማኅበር ተራ የእሷ ነው። ጠላው ደርሷል፣ ወጡ ይንተከተካል፣ ጽዋው ነጭ ጨርቁን ለብሶ መደቡ ላይ ተቀምጧል። የሌለው ድፎው ነው። ድፎ ከሌለ ደግሞ ቄሱ ምኑን ባርከው ምኑን ይቆርሳሉ?

ነገሩ የተጀመረው በእሳት ነው። ጠዋት አንዲት ሴት ገል ይዛ አጥሩ ጋ ቆመች። ማንጠግቦሽ ትባላለች። ጦርነቱ ከዛሪማ ያፈናቀላቸው ሰዎች ከመንገዱ ማዶ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰፍረዋል፤ እሷም ከዚያው ናት።

«እትዬ፣ እሳት ልጫር?»

«ግቢና ጫሪ። ምን ልትሠሪበት ነው?»

«ስንዴ ሰጥተውናል። መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቆመ፤ እንግዲህ ንፍሮ ልንቀቅለው ነው። እኛስ እንቆረጥመዋለን። የቸገሩን ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ ጥርስ የላቸው፣ ቁጭ ብለው ያዩናል» ብላ ሳቀች። ሳቋን ግን ቶሎ ዋጠችው።

ዘርፈሽዋል ፍሙን እየጫረችላት ድፎዎቹን ዞር ብላ አየች። ወፍጮው ሳይቆም ያስፈጨችው ዱቄት ነበር። አንዱን ብቻ፣ አለች በልቧ። በሌማት አድርጋ ሴትዮዋን ተከትላ ተሻገረች። በስመ አብ ብላ፣ ስለ ሚካኤል ብላ ቆረሰች። አንድ ሽማግሌ ቁራሹን ውኃ እያስነኩ ሲበሉ፣ ከጎናቸው ሌላ እጅ ተዘረጋ። ከዚያኛው ክፍል ደግሞ የሚያስል ሰው ተሰማ። የቀሩትን ልታመጣ ስትመለስ እንኳ እግሯ አላመነታም። ማመንታቱ የመጣው ሌማቱን እዚያው ረስታ፣ ባዶ እጇን ቤቷ ስትገባ ነው።

ማኅበሩን ያቋቋመችው እናቷ ናት። ደንቡንም ያወጣችው እሷው፤ ዝክሩ ከጎደለበት ቤት ጽዋ የተቀበለ ጎተራው ይጎድላል ይባላል። ተቀባይ ያጣ ጽዋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመለሳል፤ ባለተራውም ከማኅበሩ ይወጣል። እናቷ ስታጣጥር «ቤቴን አደራ» አላለችም፤ «ጽዋውን አደራ» ነበር ያለችው።

ማኅበርተኛው መጣ። ቄስ ሃብተ ሚካኤል ከፊት፣ የማኅበሩ መሪ አያ ገሠሠ ከኋላቸው፣ ሌላውም ተከትሎ።

«የጠላው ሽታ ደጅ ድረስ ተቀበለን፤ የድፎው የት ቀረ?» አለች ዘቢደር ገና ሳትቀመጥ።

ዘርፈሽዋል ቆማ ነገረቻቸው። ምንም አልሸሸገችም።

«ሳይባረክ?» አሉ አያ ገሠሠ።

«ሳይባረክ፣ አያ።»

«ለሚካኤል የተጋገረውን?»

«እሱኑ።»

«ጠላውስ አለ ወይስ እሱም ተፈናቅሏል?» አለች ዘቢደር። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ አያ ገሠሠ ዞር ሲሉ ሳቁ ጠፋ።

«ልጄ፣ ስትቆርሺ ማንን ጠራሽ?» አሉ ቄሱ።

«ሚካኤልን፣ አባቴ።»

«አባታችን፣» አሉ አያ ገሠሠ፣ «እኔ ክፉ ሰው ሆኜ አይደለም። በደጉ ጊዜማ ደንብ ማንን አቃተው? ዘንድሮ ከተውነው ግን ለዘለዓለም ተውነው ማለት ነው። ለመሆኑ ቀጣዩ ተረኛ ማነው?»

«እኔ ነበርኩ» አለች ዘቢደር፣ ቀልዷ ጠፍቶ። «ግን የልጆች እናት ነኝ። ጎተራዬን ታውቁታላችሁ። ዛሬስ ይለፈኝ።»

ከእሷ በኋላ የተጠየቀው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ዘርፈሽዋል መደቡን ተደግፋ ቆመች።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ከደጅ ተሰማ።

ማንጠግቦሽ ነበረች፤ ሌማቱን በሁለት እጇ ይዛለች። ሰው መሙላቱን ስታይ ደንገጥ አለች። «እትዬ፣ ሌማትዎን ረስተውት። ባዶ ዕቃ አይመለስም ብለን ነው።» ክዳኑን ስትገልጠው የስንዴ ንፍሮው ይተናል።

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። «በሉ ተነሡ። ዝክሩ መጥቷል።»

«አባታችን፣ ይኼ እኮ የእርዳታ ስንዴ ነው!»

«ስንዴ ስንዴ ነው፣ ገሠሠ።»

ተጸለየ፣ ተባረከ፣ ለሁሉም በእፍኝ ታደለ። አያ ገሠሠ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ብዙ አላመጡት።

«አያም ድፎ ይሻላቸው ነበር» አለች ዘቢደር። በዚህኛው እሳቸውም ፈገግ አሉ።

ፈገግታው ግን ቄሱ ጽዋውን አንስተው «ማን ይቀበላል?» ሲሉ አበቃ። ንፍሮው በላተኛ አላጣም፤ ጽዋው ግን ተቀባይ አጣ። ቄሱ ጽዋውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩት።

«እኔ ልቀበል?» አለች ማንጠግቦሽ ከበሩ። «የኛ የሚካኤል ጽዋ ዛሪማ ቀርቷል። ተራው የእኔ ነበር።»

«በየትኛው ቤትሽ?» አሉ አያ ገሠሠ።

«አምስተኛ ቢ።»

«ምን?»

«ያረፍንበት ክፍል ነው። አምስተኛ ቢ ይሉታል።»

«ኧረ ተይ እህቴ፣ ጎተራሽ ይጎድላል!» አለች ዘቢደር፤ የእውነት ፈርታላት ነበር።

«የቱ ጎተራዬ?» አለች ማንጠግቦሽ።

አያ ገሠሠ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። «ምን ትቀመጣላችሁ? ጽዋ ብቻውን አይሸኝም። ደንብ ነው፤ እልል በሉ!»

ጽዋው በእልልታ ወጣ። ዘርፈሽዋልም እልል እያለች፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ተከተለች። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ግን አንድ አይሱዙ ከዛሪማ በኩል እያጓራ መጥቶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ከላይ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ ሰው፣ ከሰው መሀል በገመድ የታሰረች ፍየል። አንዲት አሮጊት በሰው ክንድ ይወርዳሉ።

ዘርፈሽዋል እልልታዋን አቋረጠች። ሾልካ ወደ ቤቷ ዞረች።

«ወዴት ነሽ?» አሉ አያ ገሠሠ።

«መጣሁ አያ። ጥግ ላይ ትንሽ ዱቄት ቀርታኛለች፤ ሊጥ ላቦካ።»

«አንቺ! ተራሽ እኮ አለፈ!» አለች ዘቢደር።

ዘርፈሽዋል እጅጌዋን እየጠቀለለች ነበር።