የማዶው ቀይ ወንበር

ጋሼ መቀስ በሰው ንብረት ላይ እጁን አሳርፎ አያውቅም። ከጸጉር ቤቱ ጃንጥላ ረስቶ የሚሄድ ደንበኛ ቢኖር፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ከበሩ ጀርባ ሰቅሎ ያቆየዋል እንጂ ዶፍ ቢወርድ እንኳ አይዘረጋውም። ስለዚህ በዐሥርቱ ትእዛዛት በኩል ምንም እንደማይጎድለው ያምን ነበር። ያ ወንበር እስኪመጣ ድረስ ማለት ነው።

ወንበሩን ያስመጣው ከመንገዱ ማዶ ጸጉር ቤት የከፈተው ወጣት ነው። ሥራ ላይ እንኳ ከረባት ስለማይፈታ ሰዉ «ሙሽራው» ይለዋል። ወንበሩ ቀይ ቆዳ የለበሰ ነው። ፔዳሉን ሲረግጡት ከፍ ይላል፣ እጀታውን ሲስቡት ወደ ኋላ ይንጋለላል፣ በጣት ገፋ ሲያደርጉት ይሽከረከራል። የጋሼ መቀስ የእንጨት ወንበር ግን የሚችለው ነገር ቢኖር ሲጢጥ ማለት ብቻ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጋሼ መቀስ ዓይን ማዶ ቀረ። እጁ እዚህ ይሠራል፣ ዓይኑ እዚያ ይዞራል። አንድ ጠዋት የሰፈሩን አስተማሪ ጢም እያስተካከለ፣ ማዶ ወንበሩ ሽቅብ ሲወጣ አየና እጁም አብሮ ወጣ።

«ጋሼ! ጢሜ የታለ?» አለ አስተማሪው መስታወቱን እያየ።

«ግማሹ አለ» አለ ጋሼ መቀስ።

ሚስቱ ከጓዳ ፎጣ እያጠበች ሰምታ ኖሮ፣ አስተማሪው እየተራገመ ሲወጣ ብቅ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ የባልንጀራህን ነገር አትመኝ የሚለውን ረሳኸው?»

«እሱ ስለ በሬና ስለ አህያ ነው። ወንበር የሚል አላየሁም።»

«ማንኛውንም ነገር ይል የለ? ወንበሩ እዚያ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል!»

ጋሼ መቀስ ትእዛዙን ለመፈጸም ቆርጦ ተነሣና፣ የአልጋ ልብሳቸውን አምጥቶ መስኮቱ ላይ ጋረደ። ቤቱ ጨለመ። የሚገቡት ሰዎች ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማን አርፎ ነው?» ይሉ ጀመር። እንዲያም ሆኖ ወንበሩ በተነሣ ቁጥር «ጭስስ» የሚለው ድምፅ መንገዱን ተሻግሮ ይደርሰዋል። ስለዚህ ጆሮውን በጥጥ ደፈነ። በማግስቱ አንድ ጎረምሳ ገብቶ «አጭር አታድርገው» አለው። ጋሼ መቀስ የሰማው «አጭር አድርገው» የሚል ነው። ጎረምሳው ራሱን እየዳበሰ ሲወጣ ከእንቁላል የሚለየው ጆሮ ያለው በመሆኑ ብቻ ነበር።

ሚስቱ ጥጡን በገዛ እጇ ከጆሮው አወጣችው። «ዓይንህን ጋረድክ፣ ጆሮህን ደፈንክ። ልብህ ግን ይኸው ማዶ ወንበሩ ላይ ይሽከረከራል።»

ከጥቂት ቀን በኋላ ሙሽራው ከረባቱ ትከሻው ላይ ዞሮ እየሮጠ ገባ።

«ጋሼ፣ ይድረሱልኝ! ወንበሩ ተንጋሎ ቀረ! ሰውየውም አሉበት!»

ጋሼ መቀስ ፊቱን አሳዝኖ «ወይኔ!» አለ። በውስጡ ግን ልቡ ጮቤ ረገጠች። ልጁን የዳረ ቀን እንኳ እንዲህ አልፈነጠዘችም። ይህን ሲያውቅ ደነገጠ፤ እየደነገጠም ተከትሎ ሄደ።

የሰፈሩ ወፍራም ዳቦ ጋጋሪ ወንበሩ ላይ እግሩ ወደ ጣራ፣ ራሱ ወደ መሬት ሆኖ፣ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ይጮኻል። «አንሡኝ! ዳቦዬ ምድጃ ውስጥ ነው!»

ጋሼ መቀስ ተንበርክኮ ከወንበሩ ሥር ገባ። ወዲያው አየው፤ አንዲት ማበጠሪያ ወድቃ መታጠፊያው ውስጥ ተሰንቅራለች። ከእሱ በቀር ያያት የለም። «አይሠራም፣ ተበላሽቷል» ብሎ ቢወጣ ማንም ሌባ አይለውም። እዚያው ሥር ሆኖ ትንሽ ቆየ። ዳቦ ጋጋሪው «ሰውየው ተኛ እንዴ?» ሲል፣ ጥርሱን ነክሶ ማበጠሪያዋን ሳባት።

ወንበሩ ዘሎ ቀጥ አለ። ዳቦ ጋጋሪው ግን ከወንበሩ አልፎ ሄደና መስታወቱ ላይ የራሱን ምስል በአረፋው ሳመ።

ሙሽራው ስለ ውለታው ጋሼ መቀስን በግድ ቀዩ ወንበር ላይ አስቀምጦ ጢሙን ላጨው። መቼም ነገሩ የከፋው፣ ወንበሩ ከተመኘው በላይ ምቹ በመሆኑ ነው።

ቤቱ ሲመለስ ለሚስቱ ሁሉንም ነገራት። «ሰው ተዘቅዝቆ ሲጮህ ደስ አለኝ» አላት። እሷም አልሳቀችበትም። ሄዳ የአልጋ ልብሱን ከመስኮቱ አወረደች፤ እሱም በሌላኛው ጫፍ ይዞ አጣጠፈ።

ከዚያ በኋላ ጸሎቱን ለወጠ። «ጌታ ሆይ፣ እጄን ይዤዋለሁ፤ ልቤን ግን አልቻልኳትም፣ አንተው ያዝልኝ» ይላል። ቀጥሎም «የሙሽራውን ሥራ ባርክለት» ይላል። የመጀመሪያ ቀን ይህችኛዋ ቃል ከጥርሱ መሐል በስንት ትግል ነው የወጣችው።

«ምን አልክ? አልሰማሁህም» አለች ሚስቱ።

«ለአንቺ አይደለም የነገርኩት!»

ቢሆንም አላቋረጠም። አንዳንድ ቀን ከልቡ ይለዋል፣ አንዳንድ ቀን ለአፉ ያህል። እንዲህ እያለ ክረምቱ አለፈ።

አንድ ቀን ጡረታ የወጣ ሾፌር ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ገባና የእንጨቱ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«አንተ፣ በዚህ ወገብህ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለው ጋሼ መቀስ። «ና፣ ማዶ ልውሰድህ። የሙሽራው ወንበር ነው የሚያሳርፍህ።» ክንዱን ደግፎ አሻግሮት፣ ወንበሩን ራሱ ዝቅ አድርጎለት ተመለሰ።

ብዙም ሳይቆይ ሙሽራው ምላጩን እንደያዘ መጣ። ፊቱ ተለዋውጧል።

«ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምን አጠፋህ?»

«ደንበኛዎን ይዘውልኝ መጡ እኮ! ታመሙ እንዴ? ቤቱን ሊዘጉ ነው?»

«ወገቡን ስላመመው ነው።»

«ሌላ ምንም የለበትም?»

«ሌላማ...» ጋሼ መቀስ አፉ ላይ ያለውን ቃል ተወና፣ የሚያመውን ጥርስ በምላሱ እንደሚፈልግ ሰው ያ የድሮ ምኞት አለ ወይ ብሎ ውስጡን ፈተሸ። ደግሞ ፈተሸ። «የለበትም!» አለ በመጨረሻ፣ ከሙሽራው ይልቅ ራሱ ተገርሞ።

ሚስቱ እርጥብ ፎጣ እንደያዘች ከጓዳ ብቅ ብላ ባሏን አየችው። «ሂድ ልጄ፣ ሽማግሌው ሳሙናው ይደርቅባቸዋል» አለችው ሙሽራውን።

ሙሽራው ሄደ። መንገዱን ሲሻገር ግን አላመነም መሰለኝ፣ ዞር ዞር እያለ ያያቸው ነበር።