የተደፈነችው ቀዳዳ

ክሪኩ ከፍ አለ፤ መኪናዋ ግን ከመሬት አልተነሳችም። በያጇ ግራ ገብቷት ዘንጉን ደግማ ጫነችው። ከመኪናዋ ሆድ ስር ደረቅ ብስኩት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ፤ ቡናማ ዱቄትም ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ።

አሮጌዋ መኪና ቀለሟን ተቀብታ፣ ኒኬሏ ተወልውሎ፣ ወንበሯ አዲስ ቆዳ ለብሶ አልቃለች፤ የቀራት የፍሬን ፍተሻ ብቻ ነበር። ባለመኪናዋ፣ ጡረታ የወጡት መምህርት፣ ከሰዓት በኋላ መጥተው ይወስዷታል። ነገ ደግሞ የልጅ ልጆቻቸውን ጭነው ረጅሙን ቁልቁለት ይወርዱባታል።

በደህናው በኩል አንስታ በወፍራም እንጨት ደገፈቻትና ስሯ ተንጋለለች። ጥቁሩን ሬንጅ በካቻቢቴ ስትፍቀው አሮጌ የላሜራ ልጣፊ ብቅ አለ፤ ከልጣፊው ጀርባ ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። መኪናዋን የሚሸከመው ሻንሲ ውስጥ ለውስጥ ተበልቶ አልቋል። ውጯ አምሮ ውስጧን ለቄስ!

ብየዳውን ግን አወቀችው። ወደ ግራ ዘንበል ያሉ፣ እኩል እኩል የተደረደሩ ጠብታዎች። ያን እጅ ከሩቅም ታውቀዋለች፤ ብየዳ ያስተማራት፣ አባታቸው ከሞተ በኋላም ያሳደጋት የወንድሟ የግራ እጅ ነው።

ወንድሟን፣ የታመመ መኪና ስለሚያድን፣ ሰፈሩ «ሐኪሙ» ይለዋል። ከዓመታት በፊት ጭቃ እንዳይገባባት ብሎ የሻንሲውን ውሃ መውጫ ቀዳዳ አጥብቆ ደፍኖት ኖሯል። ጭቃው አልገባም፤ የገባው ውሃ ግን መውጫ አጣ። ከቀለም በፊት ሻንሲውን ልፈትሽ ስትለው፣ ያንን ተይው፣ የገዛ እጄ ሥራ ነው ብሏት ነበር፤ አመነችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው። ተናደደችበት፤ በመናደዷም አፈረች።

ሐኪሙ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና ጎንበስ ብሎ አየ።

«ላዩ ላይ ላሜራ ጣይበት» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከጉዞ ሲመለሱ በወጉ እንሠራዋለን።»

«ጋሼ፣ ላሜራው ምን ላይ ይያዛል?»

መምህርቷም ቁልፋቸውን ጣታቸው ላይ እያሽከረከሩ ሲገቡ ሁለቱም እዚያው እንደቆሙ ነበሩ። ሐኪሙ ፈጠን ብሎ ፍሬኗ ትንሽ እንደቀራት፣ ማምሻውን እንደምትደርስ ነገራቸው።

በያጇ ወንድሟን አየችው። ከተናገረች ስሙ ይወድቃል። ዝም ካለች ደግሞ ነገ ልጆቹ የኋላ ወንበር ላይ ናቸው።

«እትዬ፣ ነገ አይሄዱባትም» አለች። «ውሃ መውጫዋ ተደፍኖ ሻንሲዋን ዝገት በልቶታል።»

መምህርቷ አላመኑም፤ እንዲህ አምራላቸው! ያኔ ሐኪሙ ማንንም ሳያይ መዶሻውን አነሳና ስሯ ገባ። ከፊት ጀምሮ እያንኳኳ መጣ። ብረቱ ጠንከር ብሎ ጮኸ፤ ቀጥሎ ለዘብ አለ፤ ልጣፊው ጋ ሲደርስ መዶሻው ገብቶ ቀረ። ዝገቱ ተዘረገፈ።

መምህርቷ ቁልፉን ጨበጡት።

«ማነው የደፈነው?»

ጥያቄው ለበያጇ ነበር፤ እሷ ግን ወደ መኪናዋ ስር አየች። ይህንን የሚናገር ባለቤት አለው። ቆይቶ የሐኪሙ ጫማዎች ሲሚንቶውን ረገጡ፤ ፊቱ ዝገት እንደለበሰ፣ «እኔ ነኝ» እያለ በጀርባው እየተንፏቀቀ መውጣት ጀመረ።