መንታዎቹ ማውሶች

ስሙን ያወጡላቸው ሠራተኞቻቸው ናቸው። «ቆጥቡ!» ሳይሉ መብራት አያበሩም፣ «ቆጥቡ!» ሳይሉ የሽንት ቤት ቁልፍ አይሰጡም። ስለዚህ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ሲሉ ደግሞ «ጋሽ ቆጥቡ» ሆኑ። እኚህ ሰው አንድ ጠዋት ሁለት አዳዲስ ገመድ አልባ ማውስ ገዝተው ሲገቡ፣ ዲዛይነሯ ያመማቸው መሰላት።

«መንታ ናቸው፤ አንዷ ላንቺ፣ አንዷ ለኔ» አሏት ፊታቸው በርቶ።

«ጋሼ፣ የድሮዋ ምን አደረገችን?»

«ጭራ አላት! ሥልጣኔ ይግባን እንጂ።»

ነገሩ በዚህ ተቆረጠ። ዲዛይነሯ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጣ የምትውል ናት። የሠርግ ካርዱም፣ የሱቅ ታፔላውም፣ የሐዘን ማስታወቂያውም በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። አዲሷ ማውስ ግን ለሰው እጅ የተሠራች አትመስልም። አልቃ የተረፈች ሳሙና ታክላለች፤ እሷን ለመያዝ ጣት እንደ ዶሮ እግር መኮራመት አለበት። አመሏ ከቁመቷ ይብሳል። ትንሽ ካልነኳት ታንቀላፋለች፣ ሲቀሰቅሷት ታኮርፋለች። ባትሪዋ እየላላ ስላስቸገረ የካርቶን ቁራጭ ተወሽቆላታል። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ደግሞ አንዳንዴ ሰይጣን እንደጠራት ብድግ ብላ ጥግ ትገባለች።

ብዙም ሳይቆይ የዲዛይነሯ የእጅ አንጓ አበጠ። እናቷ ዘንድ ሄዳ እጇን ዘረጋች። እናቷም በቅባት እያሹ ጠየቋት።

«ምን ስትሸከሚ ነው?»

«ማውስ ነው እማዬ።»

«ምንድነው እሱ?»

«አይጥ እንደማለት ነው። የፕላስቲክ አይጥ።»

እናቷ ማሸቱን አቆሙ። «ሰው ጆንያ ሲያነሳ ይወልቃል፣ ቁም ሳጥን ሲገፋ ይወልቃል። እኔ አይጥ ስትጎትት የወለቀች ልጅ ወለድኩ? በይ ለጎረቤት እንዳትነግሪ!»

በዚያው ሰሞን ባለሆቴሉ መጣ። ለአዲሱ ሆቴሉ ምርቃት ፎቅ የሚያክል የራሱን ፎቶ ማሰቀል አምሮታል። ወደ ዲዛይነሯ ጠጋ ብሎ፣ «አገጬ ሁለት ነው። አንዱን ብቻ አስቀሪልኝ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እሷም ተያያዘችው። ግን አገጩን ልትነካ ስትል ቀስቷ አፍንጫውን ይዛ ወደ ጆሮው ጎተተችው። መለሰችው። አሁንም ተጎተተ። ዲዛይነሯ ተናዳ እጇን ከማውሷ ላይ አነሳች። ቀስቷ ብቻዋን መሄዷን ቀጠለች።

«ኧረ ጉድ!»

የጋሼ ቢሮ ከእሷ ጠረጴዛ የሚለየው በመስታወት ብቻ ነው። ጀርባ ለጀርባ ስለሚቀመጡ፣ ዞር ያለ ሁሉ የሌላውን ስክሪን ያያል። ከመስታወቱ ወዲያ ድምፅ ተሰማ፦ «አንቺ እርጉም! ንጉሡን የት ወሰድሽብኝ?»

ዞር ብላ አየች። ጋሼ ኮምፒውተር ላይ ካርታ ይጫወታሉ። እሳቸው ካርታ በጎተቱ ቁጥር የባለሆቴሉ አፍንጫ አብሮ ይጎተታል። የራሷን ማውስ ወደ ግራ ገፋ አደረገቻት፤ የጋሼ ካርታ ወደ ግራ ሸሸ። መንታዎቹ ጌታቸውን አይለዩም፤ አንዷ ስትንቀሳቀስ ሁለቱም ስክሪኖች ይታዘዛሉ።

ልትነግራቸው ብድግ ስትል ባለሆቴሉ ሥራው ደርሶ እንደሆነ ሊያይ ከች አለ። ጋሼ ካርታውን አሳንሰው ደበቁና ሰውዬውን አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ምን ላድርግ ጌታዬ፣ ልጅቷ እጄን አመመኝ እያለች ትለግማለች። የዛሬ ልጆች!» አሉ፣ እሷም እንድትሰማ ጮክ ብለው።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው» አለች ዲዛይነሯ በልቧ። ተመልሳ ቁጭ አለች። አንገቷን ወደ መስታወቱ አዙራ ማውሷን ወደ ታች ገፋችና የተደበቀው ካርታ ምልክት ላይ ስትደርስ ተጫነች። የጋሼ ስክሪን ላይ ካርታው ቦግ ብሎ ተዘረጋ።

ጋሼ ዘጉት። እሷ ከፈተችው። ጋሼ ደግመው ዘጉት፣ እሷም ደግማ ከፈተችው።

«ቫ… ቫይረስ ነው ጌታዬ!»

ባለሆቴሉ መነጽሩን አድርጎ ተጠጋ። ጥጉ ላይ እስካሁን ስንት ዙር እንደተጫወቱ የሚናገር ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ነበር። አነበበና አፏጨ።

«ቫይረሱ ትጉህ ነው» አለ። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አደረገ። «ጋሼ፣ ያቺን ቀይ ዘጠኝ ጥቁሩ አስር ላይ ጣሏት እንጂ! ምን ይጠብቃሉ?»

ጋሼ ዘጠኟን ያዙ። ዲዛይነሯ ሳቋን አፍና ስትንቀጠቀጥ ካርታዋም አብራት ተንቀጠቀጠች። በመጨረሻ ሳቁ አመለጣት። ጋሼ ዞሩ። እጇን አዩ፣ ስክሪናቸውን አዩ፣ መልሰው እጇን አዩ። ሰውዬው ቆጣቢ እንጂ ሞኝ አይደሉም። ዓይናቸውን ከእሷ ስክሪን ላይ ሳይነቅሉ የራሳቸውን ማውስ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ገፉ።

«አፍንጫዬ!» ብሎ ጮኸ አብሯቸው የዞረው ባለሆቴሉ።

ዲዛይነሯ ወደ ቢሮው ገባች። ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ ያበጠ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብለው አዩት።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ እኔ ነኝ ስጎትትሽ የከረምኩት?»

«ግማሹን እርስዎ፣ ግማሹን ሳሙናዋ።»

«ከሰዓት ሱቅ እንሄዳለን» አሉ ጋሼ። ቆጥቡ የምትለዋ ቃል በዚያ ቀን አልተሰማችም።

ሱቅ ውስጥ ዲዛይነሯ ማውሶቹን እንደ ጫማ ለካች። መዳፍ የሚሞላ፣ ጀርባው ወፍራም፣ ባለገመድ መረጠች። ሻጩ ለጋሼ በጎኑ የቆመ ማውስ አቀበላቸው። ይዘውት ቀሩ።

«ከሰው ጋር የተጨባበጥኩ መሰለኝ» አሉ ደስ ብሏቸው፣ አለቅም ብለው።

የእሷ እጅ ግን ወዲያው አልዳነም። ሐኪም እንድታሳርፈው ስላዘዛት ለተወሰነ ጊዜ በግራ እጇ ሠራች፤ የዚያን ሰሞን የሠርግ ካርዶች ጽሑፋቸው ትንሽ ዘመም ይላል። ሙሽሮቹ አልተቆጡም። አንዷ እንዲያውም አዲስ ፋሽን መስሏት ለእህቷም እንደዚያው ይሠራልኝ ብላ አዘዘች።