ማስተዋል የሠራችው ክረምት

1.

«ክረምትሽን ወደዚያ አድርጊው! በጋዬ ላይ ወጣ!»

የጮኽኩት እኔ ነኝ። ስድስት ዓመቴ ነው።

2. አሠራር

ከሱቅ የሳሙና ካርቶን ለምነህ አምጣ። እኩል አራት ቦታ ቁረጠው። በየቁራጩ ላይ መፀው፣ በጋ፣ በልግ፣ ክረምት ብለህ ጻፍ። ልጆቹን ዙሪያውን አስቀምጥ። የፕላስቲክ ጡቦቹን መሐል ላይ ዘርግፍ።

ከዚያ ራቅ በል።

3.

ቢቸና ውስጥ፣ አንዲት ጠባብ መዋዕለ ሕፃናት፣ ቲቸር አጸደ ወቅቶችን ያስተማረችን እንዲህ ነው። ጡቦቹን «ብሎኬት» ነበር የምንላቸው፤ ሌላ ጡብ አናውቅማ። መፀው ለሙሉቀን ደረሰው። ቢጫውን ሁሉ በአደይ አበባ ሊጨርሰው ሲል፣ ለፀሐይ የሚሆነኝን በጥርሴ አስጣልኩት። በልግን መንትዮቹ ተካፈሉት። እኔ በጋ ነበርኩ።

«ክረምትን ማን ይወስዳል?»

ማንም እጁን አላወጣም።

ክረምት አብሮን የተማረ ወቅት አይደለም። እሱ ሲመጣ ትምህርት ቤት ይዘጋል።

ማስተዋል ሁለቱንም እጆቿን አወጣች።

4. ጥያቄና መልስ

ቲቸር፦ ማስተዋል፣ ክረምት ስንት ወር ነው?

ማስተዋል፦ ሦስት።

ቲቸር፦ ታዲያ ካርቶኑን አልፎ የት ነው የሚሄደው?

ማስተዋል፦ ቤቱ አልበቃ ብሎኝ ነው።

ቲቸር፦ ዝናብ ሥሪ አልኩሽ እንጂ ቤት አልኩሽ?

ማስተዋል፦ ዝናቡ ጣራው ላይ ነው።

ቲቸር፦ ይሄስ፣ ደጅ ያለው?

ማስተዋል፦ ግሬደር። ቆሟል።

ቲቸር፦ ለምን ቆመ?

ማስተዋል፦ ዘነበ እኮ፣ ቲቸር።

5.

አባቷ ጋሽ ደምሰው ቆላ ለሚሠራ መንገድ ግሬደር ነጂ ነበሩ። አቧራ እስካለ ሥራ አለ። መሬቱ ሲጨቀይ ማሽኑ ይቆማል፤ እሳቸውም ቤታቸው ይገባሉ። ስለዚህ በነማስተዋል ቤት አራቱ ወቅቶች እንዲህ ይባላሉ፦

አባባ የለም።

አባባ የለም።

አባባ የለም።

አባባ አለ።

6.

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። ሰኔ ተጋምሶ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ አንሶላ ይመስላል። የወላጆች በዓል ዓርብ ነው፤ የሚከበረው ደግሞ ግቢው ውስጥ፣ ሜዳ ላይ።

«እግዜርን እስከ ዓርብ ዝናቡን ያዝልን በሉት» አለች ቲቸር አጸደ። ሁላችንም እጃችንን ወደ ላይ ዘረጋን።

ማስተዋል እጆቿ ላይ ተቀመጠች።

7.

በማግስቱ በጋዬ አጥሮ አገኘሁት።

«ሌባ!»

«አልሰረቅኩም። ያንተ ረዝሟል።»

«በጋ ረጅም ነው! እናቴ ብላለች!»

«ለዚያ እኮ ነው ያሳጠርኩልህ።»

«ስለሠራሽው ይመጣል እንዴ፣ ሞኝ!»

«አንተ ፀሐይ ሠርተህ ይኸው ወጥታ የለ?»

ቀና ብዬ አየሁ። ወጥታለች።



8.

ዓርብ።

9.

(እዚህ ላይ አንባቢ ነጎድጓድ ይጠብቃል። ይቅርታ፤ የማስታውሰው ፀሐይ ነው።)

ካርቶኖቹ ግቢው መሐል ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ወላጆች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። የማስተዋል እናት እትዬ ብርቄ አጠገባቸው ጥላ አስቀምጠው ቦታ ይዘዋል።

«ሰው አለው?» አለቻቸው እናቴ።

«አለው።»

«ማን?»

እትዬ ብርቄ ጥላውን አስተካከሉት።

ማስተዋል ክረምቷን ስታሳይ ቲቸር አጸደ ጎንበስ ብላ አየችው። «ቤቱ በር የለውም ሳ?»

ማስተዋል ጭብጧን ከፈተች፤ አንዲት ቀይ ብሎኬት። «አባባ ሲገባ ነው የምገጥመው። አሁን ከዘጋሁት በየት ይገባል?»

ወላጆች ሳቁ። እትዬ ብርቄ አልሳቁም።

10.

ጠብ።

ጠብ፣ ጠብ።

ከዚያ ሁሉም ወደ በረንዳው ሮጠ። አግዳሚ ተገለበጠ፤ የሙሉቀን አባት አንድ ጫማ እዚያው ቀረ። ካርቶኖቹ በሰበሱ። መፀው ተጣጥፎ ወደቀ፣ በጋም ተከተለው።

ማስተዋል ከጠረጴዛው አልተነቃነቀችም።

«ኧረ ልጅቷን አስገቧት፣ ትታመማለች!» አለች እናቴ።

«ቆላውስ ይዘንብ ይሆን?» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ለማንም ሳይሆን።

«ትልቅ አድርጌ ነው የሠራሁት፣ እማ» አለች ማስተዋል ከዝናቡ ውስጥ። «ይደርሳል።»

11.

ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አትጠይቁኝ። ፀሐዬን ከወደቀበት አንስቼ ሰጠኋት።

አገላብጣ አየችውና ቤቱ ውስጥ አስገባችው።

«ለመብራት ይሆናል» አለች።

12.

ቲቸር አጸደ ቤቱን ለክረምቱ አዋሰቻት። ማስተዋል ቤቱን በፌስታል፣ በሩን በጭብጧ ይዛ ሄደች። እኔም ክረምቱን አያቶቼ ዘንድ ገጠር ተላክሁ።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ቀድማ የደረሰችው እሷ ነበረች። ፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አፉ ተቋጥሯል። በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች።

«በሩስ?» አልኳት።

ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች።

13.

ቀይዋ ብሎኬት ቤቱ ላይ ተገጥማለች፤ በሩ ተዘግቷል።