የባዬ አሟሟት

የልጄን የባዬን አሟሟት ሙላት ጽፎ ሲጨርስ አንድ ቃል እንኳ አልጠየቀኝም። ፊደል ስለማልቆጥር ነው። ከውጫሌ እስከ ሐይቅ ሰው በሞተ ቁጥር "ባንቺአየሁን ጥሩ" የሚባልልኝ አልቃሽ ነኝ። የስንቱን ጎበዝ አሟሟት ሕዝብ ፊት ቆሜ አልቅሼ አስለቅሻለሁ። የገዛ ልጄን ግን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ሁሉ ከሰሙት በኋላ ነው፣ ለይሉኝታ ያህል፣ ለእኔ ሊያነብልኝ የመጣው።

ሙላት የእህቴ ልጅ ነው፤ አስተማሪ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠራረገና ማንበብ ጀመረ። በእሱ ወረቀት ላይ ባዬ ቀበሌው ደጅ እጁ የፊጥኝ ታስሮ ቆሟል። አብዮት ጠባቂዎቹ በሰደፍ አፉን ይሉታል፤ ጥርሱ ይረግፋል። እሱ ግን ፊቱ እንደ ፀሐይ እያበራ ይሰብካል፣ ይሰብካል፣ አያበቃም። ውሃ ሲለምን አንድ የጅብ መንጋጋ ያለው ጠባቂ ውሃውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ይስቃል።

"ቆይ" አልኩት። "ይህን ሁሉ የሰበከው ጥርሱ ከረገፈ በኋላ ነው?"

"እቴቴ፣ መንፈሳዊ ልቦለድ እኮ ነው። አንባቢው እንዲጽናና..."

"ልቦለድ የምትለውን አላውቅም። የረገፈ ጥርስ ግን አውቃለሁ። ከመሬት ለቅሜ በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩት እኔ ነኝ።"

ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አወረደ። እኔም ማንም ያልጠየቀኝን ነገርኩት።

ባዬ ዓሣ አስጋሪ ነበር። አንድ የቆሰለ ተማሪ ታንኳው ሥር ደበቀና በሌሊት አሻገረው። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በሐይቅ ገበያ ቀን፣ ቀበሌው ደጅ አወጡትና "የት አደረስከው?" አሉት። ገበያተኛው ቆሞ እንዲያይ ታዘዘ። የመጀመሪያው ሰደፍ ትከሻው ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ልጄ መዝሙር አልዘመረም። "እማዬ!" ብሎ ጮኸ። ሱሪው ረጠበ። ጣቶቹን በድንጋይ ላይ አድርገው ሲያደቁበት "እናገራለሁ! እናገራለሁ!" አለ። ያኔ መምታቱን አቆሙ። አንዱ ጠባቂ ጎንበስ ብሎ በጣሳ ውሃ አጠጣው፤ ጀርባውን ስለሰጠን ማን እንደሆነ አላየሁም። የባዬ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ግን አይቻለሁ። ከዚያ ቀና አለና ከሰው መሀል እኔን ፈልጎ አገኘኝ። ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል "የት እንዳለ አላውቅም" አላቸው። አፉ ውስጥ ተኮሱበት።

ለአናርኪስት አይለቀስም ተባለ። እኔ ባንቺአየሁ፣ የአገሩ አልቃሽ፣ አፌን ዘግቼ ቤቴ ገባሁ።

"ይህ ወረቀት ልቅሶው ነው" አልኩት ሙላትን። "ሌላ የለውም። ለቅሶ ቤት ገብቼ 'ደግ ነበር፣ ጀግና ነበር' ብል ማን ያለቅስልኛል? 'መረቡን ሲያራግፍ ትንንሾቹን ዓሦች ለወፎቹ ይተውላቸው ነበር' ስል ነው ሰው ደረቱን የሚደቃው። አንተ ወፎቹን ትተህ ፀሐይ አምጥተህ ፊቱ ላይ ለጠፍክበት።"

"'እናገራለሁ' ማለቱን ብጽፍ ግን ልጆቹ ምን ይላሉ? ካደ አይሉም?"

"ይበሉ! ፈራ፣ 'እናገራለሁ' አለ፣ ከዚያ ተመለሰ። እምነቱ ያለው መመለሱ ላይ ነው። አንተ እሱን ዘለልከው።"

ሙላት ፊቱ ቀላ። "እሺ፣ እርስዎ ሁሉን ያውቃሉ። ሲሞት ይቅር ብሏቸው እንደሆነስ ያውቃሉ?"

ይህ ልጅ ለአንድ ጊዜ ልብ የሚወጋ ነገር ተናገረ። ስንት ሌሊት ያንኑ ስጠይቅ እንደማድር የነገረው የለም።

"አላውቅም" አልኩ።

"እኔም ስለማላውቅ ነው የፈጠርኩት" አለና ወረቀቱን ሰብስቦ ወደ ምድጃው ዞረ። "አልችልበትም ማለት ነው። ላቃጥለው።"

እጁን በማማሰያ መታሁት። "መቼ አትችልም አልኩህ? የሐይቁን ጠዋት ስታነብ የደንገሉ ሽታ አፍንጫዬ ገብቷል። እጅህ መልካም ነው። የምትጽፈውን ሰው ትፈራዋለህ እንጂ። ያኛውንም ጅብ ያደረግከውን ጠባቂ ሰው አድርገው፤ እሱንም የወለደች እናት አለች። ደግመህ ጻፍ።"

ሙላት ወረቀቱን መልሶ ሳይዘረጋ በሩ በእርግጫ ተከፈተ።

"አሰሳ ነው! ማንም እንዳይንቀሳቀስ!"

አብዮት ጠባቂው ውበቱ ነበር፤ ጠመንጃ የታጠቀ፣ ብቻውን። ባሌ ነፍሱን ይማረውና ክርስትና ያነሳው ልጅ ነው፤ ከባዬ ጋር ከአንድ ገበታ በልቶ ያደገ። በዚያ የገበያ ቀንም ከጠባቂዎቹ ጋር ተሰልፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም።

"ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ያነበብከው ወረቀት ይሄ ነው?" ከሙላት እጅ ነጠቀው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቀስ ብሎ አነበበ። አንዱ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። "'ጠባቂው ውሃውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ሳቀ።' ማነው ይሄ?"

"ልቦለድ ነው ውበቱ፣ የፈጠራ..."

ሰደፉ የሙላትን አፍንጫ ሰበረው። ደሙ ወረቀቱ ላይ ተረጨ። ሲወድቅ ጎኑን በእርግጫ ደገመለት፤ ደግሞም ረገጠው።

"እኔ ደፋሁ? እኔ ሳቅሁ? ያጠጣሁት እኔ ነኝ! ለዚያች ውሃ አለቃዬ ሰው ፊት በጥፊ አጩሎኛል! አንተ ውሸታም!"

አፈሙዙን ያዝኩ። ከግድግዳው ጋር አላተመኝ፤ ግንባሬ ተፈነከተና ደሙ አንዱን ዓይኔን ሸፈነው። በሌላው ዓይኔ ጠመንጃውን ሲያቀባብል አየሁ። አፈሙዙ የሙላት ደረት ላይ ነው። ሙላት ደም እየተፋ "እማዬ" ይላል።

ውበቱ ግን አልተኮሰም። ጉንጩ ረጥቧል።

መለመን እችል ነበር። እግሩ ላይ ብወድቅ ምናልባት ይሄድልኝ ነበር። ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ዘጋሁት፤ መወርወሪያውን አስገባሁ። በርጩማውን አንስቼ በእሱና በሙላት መሀል አስቀመጥኩት።

"እማማ፣ ይልቀቁኝ፣ በሩን ይክፈቱ" አለ ውበቱ።

"አልከፍትም። ጠመንጃህን አውርድና ተቀመጥ። ሙላት፣ ደምህን ጥረግና ወረቀት ያዝ። ውበቱ፣ ውሃውን ስታጠጣው ከንፈሩ ተንቀሳቅሷል። እኔ ሩቅ ነበርኩ፤ ያንተ ጆሮ ግን አፉ ሥር ነበር። ልጄ ምን አለህ? ክፉም ከሆነ ክፉውን፣ ሳታሳምር፣ እንዳለው ንገረኝ።"