ሎክኺ ያሉት አዛውንት

ከቢር ተሽከርካሪ ወንበሩን ገፍቶ ምርመራ ክፍል ካስገባ በኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ሥራው በሽተኛ ማመላለስ ነው፤ የማስታወስ ፈተና ላይ ትንፍሽ ማለት አይፈቀድለትም። ወንበሩ ላይ ያሉት ህንዳዊው አዛውንት ሄር ዳስ ከስትሮክ ገና ማገገማቸው ነው። ዛሬ ሐኪሟ የምትፈርመው ወረቀት ወይ ኦይሮፓፊርቴል ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ይመልሳቸዋል፣ ወይ ፍሌጌሃይም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ አስገብቶ እዚያው ያስረጃቸዋል። ልጃቸው አውሮፕላን ላይ ነው፤ ስልኩ አይነሳም።

ሐኪሟ የቤተሰብ ፎቶ አሳየቻቸው።

«ባለቤትዎ ማን ይባላሉ?»

«ሎክኺ።»

ወረቀቱ ላክሽሚ ይላል። ሐኪሟ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ስልክ ዘንበል አለች። በስልክ የሚያስተረጉመው ህንዳዊ ከወዲያ ማዶ፣ «ስሙን አበላሽተውታል» አለ። ሐኪሟ ነጥቡን ጻፈች፦ ዜሮ።

«ልጅዎስ?»

«ሾንጆይ።»

«ሳንጃይ ለማለት ነው» አለ ስልኩ። ዜሮ።

የልጅ ልጃቸው ቪዲያ «ቢድዳ» ሆነች። ሦስተኛ ዜሮ። ሽማግሌው የብዕሯን ጫፍ ሲያዩ ላብ አጠመቃቸው፤ ጠበቅ አድርገው፣ «ቢድዳ!» ብለው ደገሙት።

ከቢር ድሬዳዋ ሳለ የህንድ ፊልም ያሳደገው ሰው ነው፤ ላክሽሚንም ሳንጃይንም ከአክስቶቹ እኩል ያውቃቸዋል። ኋላ ባንሆፍስፊርቴል፣ ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ አንድ የህንድ ምግብ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ሳህን አጠበ። ወጥ ሠሪዎቹ በሙሉ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ቤንጋሊዎች ነበሩ። እነሱ አፍ የገባ ስም ሁሉ ትኩስ ድንች እንደጎረሰ ሰው ክብ ብሎ ይወጣል፤ «አ» የነበረው «ኦ»፣ «ቭ» የነበረው «ብ»። መጀመሪያ እሱ ሳቀባቸው፤ ከፊልም የተማረውን ስም ሲጠራ ደግሞ እነሱ ሳቁበት።

«ህንዳዊ» ከተባለ የሂንዲ አስተርጓሚ መጥራት! ይህን ስህተት ከቢር አሳምሮ ያውቀዋል። እናቱ ታመው ከአደርኛ በቀር ቋንቋው ሁሉ ሲጠፋባቸው፣ «ኢትዮጵያዊት ናቸው» ተብሎ የአማርኛ አስተርጓሚ መጣላቸው። «አእምሯቸው ስቷል» ተብሎ ተጻፈ። ያኔ ከቢር፣ ሥርዓት ነው ስላሉት፣ በር ላይ ቆሞ ቀረ።

ሐኪሟ ብዕሯን ወደ ፊርማው ቦታ አወረደች።

«ፍራው ዶክተር፣ አስተርጓሚው ቤንጋሊኛ ይችል እንደሆን ይጠይቁልኝ።»

«ሄር ከቢር፣ እባክዎ ውጭ ይጠብቁ።»

«እወጣለሁ። መጀመሪያ ይጠይቁልኝ።» ከግድግዳው ንቅንቅ አላለም።

ትክ ብላ አየችው። ጠየቀች። ስልኩ መለሰ፦

«እኔ የሂንዲ ነኝ። ቤንጋሊ መሆናቸውን ማን ነገረኝ? ከሆኑማ፣ ስሞቹን እንደዚያው ነው የሚጠሩት።»

«ሦስቱንም?» አለች ሐኪሟ።

«ሦስቱንም።»

ከቢር ጎንበስ አለና ማድ ቤት በለቃቀማት ቤንጋሊኛ፣ «ባሎ አቼን፣ ዳዳ?» አለ፤ ደኅና ነዎት፣ ታላቅ ወንድሜ። ሽማግሌው የከቢርን እጅጌ ጨምድደው ያዙና በቋንቋቸው እንደ ሐምሌ ጎርፍ ያወርዱት ጀመር።

«ምን እያሉ ነው?» አለች ሐኪሟ።

«እኔ እንጃ። የኔ ቤንጋሊኛ ከሽንኩርትና ከጨው አያልፍም። ግን አንዴም አልተደናቀፉም።»

ሐኪሟ ጥቂት አዳመጠች። ሦስቱን ዜሮዎች ሰረዘች፣ ለሐሙስ አዲስ የፈተና ቀጠሮ ጻፈች፣ አጠገቡም «የቤንጋሊኛ አስተርጓሚ» ብላ ሁለቴ አሰመረችበት።

«አሁን ውጭ ይጠብቁ» አለችው።

ሽማግሌው ግን እጅጌውን አልለቀቁትም።