በዝርዝሩ ላይ አንድ ፈዬራ

አውሮፕላን በሕይወቴ ተሳፍሬ አላውቅም። በአምቦ ሰማይ ሲያልፍ ድምፁን ሰምቼ ቀና ከማለት በቀር ምን አገናኘን? ቢሆንም በ1977 ክረምት ነሐሴን ሙሉ አራት ሞተር ያለው ቦምብ ጣይ ስሠራ ከረምኩ። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሦስት ሜትር ተኩል፣ ከክንፍ እስከ ክንፍ አምስት ሜትር ነበር። ሰው ቢስቅብኝ አይከፋኝም፤ እኔም ሌላ ሰው ሠራ ሲሉኝ ብሰማ እስቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወጣትነቴ አዲስ አበባ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ትሪ፣ የሳሙና ማስቀመጫ፣ የሱቅ ታፔላ እንዴት እንደሚወጣ እዚያ ተማርኩ። የፕላስቲክ ሉሁን በእሳት ታለሰልሳለህ፣ ከእንጨት የተቀረጸ ፎርማ ላይ ትዘረጋዋለህ፣ ከሥር አየሩን መጥጠህ ታወጣለህ። ሉሁ መሄጃ ሲያጣ ፎርማው ላይ ልጥፍ ይላል። ፋብሪካው ሲዘጋ ወደ አገሬ ተመለስኩና ከአምቦ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የወተት ላም እርባታ ውስጥ የማለቢያ ሞተር ጠጋኝ ሆንኩ። ላም የሚያልበውም ሞተር ሥራው ያው አየር መምጠጥ ነው።

ይህን ሁሉ ለጓድ እንግዳወርቅ የነገረው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እንግዳወርቅ የአውራጃው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነበር። ከእኔ ልጅ ቢበልጥ ባሥር ዓመት ነው፤ አንተ ይለኛል፣ እርስዎ እለዋለሁ። ከአሮጌ መጽሔት የተቀደደ ሥዕል አምጥቶ ፊቴ ዘረጋ፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ ነው።

«ለአብዮት በዓል መኪና ላይ ጭነን እናሳልፈዋለን» አለኝ። «ኢምፔሪያሊዝም ምን እንደሚመስል ሰፊው ሕዝብ በዓይኑ ይየው። የካርቶን ሥራ ግን አልፈልግም። አምና የካርቶኑን ታንክ ዝናብ መታውና መንገድ ላይ ገንፎ ሆነ።»

እምቢ ማለት ይቻል ነበር? ለሌላው እንጃ። እኔ አንድ ወንድ ልጅ ነበረኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ማትሪክ ተፈትኖ ውጤት የሚጠብቅ። ያን ጊዜ ደግሞ ብሔራዊ ውትድርና በየቀበሌው ስም እየለቀመ ነበር። ባለፈው ዙር ከሰፈራችን ከሄዱት የሁለቱ መርዶ መጥቷል። ባለቤቴ ጉዴ የእንግዳወርቅን መምጣት ስትሰማ «ይህን ሰውዬ እንዳታስቀይመው፣ ለልጃችን ይሆናል» አለችኝ። እኔም ሌላ ነገር አላሰብኩም። አውሮፕላኑን ለአብዮቱም ለኢምፔሪያሊዝሙም ብዬ አልሠራሁትም፤ ልጄ ቤቱ እንዲቀር ነው የሠራሁት።

እንግዳወርቅ ሠላሳ ነጭ ሉህ ከአዲስ አበባ አስመጣልኝ። ፎርማውን ከዋንዛ ቀረጽኩ፤ ሆዱን ባቄላ ለሁለት እንደተከፈለ አድርጌ ግራና ቀኝ ለየብቻ። ማለቢያውን ሞተር በጋሪ አስጭኜ ደሊል ዳቦ ቤት ወሰድኩት፤ ሉሁን የሚያክል ምድጃ በአምቦ ያለው እሱ ብቻ ነበር። ደሊል ከደቡብ መጥቶ አገራችን የከበረ፣ እጁም ምላሱም የማያርፍ ሰው ነው። የጠዋቱ ዳቦ ከወጣ በኋላ ምድጃው እስኪበርድ ድረስ ያለው ሰዓት የእኔ ሆነ።

በብረት ፍሬም የተወጠረው ሉህ ምድጃ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ይጨማደዳል፣ ቀጥሎ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ከመሃሉ ወደ ታች መርገብ ይጀምራል። አንድ ስንዝር ሲረግብ ነው ሰዓቱ። ቀድመህ ካወጣኸው አይታዘዝም፣ ካዘገየኸው ይቀደዳል። አራት ሰው ፍሬሙን በጨርቅ ይዘን እንሮጥና ፎርማው ላይ እንጭነዋለን፤ እኔ «ምጠጥ!» ስል ልጄ የሞተሩን ቧንቧ ይከፍታል። ፕላስቲኩ አንዴ ይተነፍስና የእንጨቱን ቅርጽ ይዞ ቁጭ ይላል።

«ያ ኦቦ ሌታ» ይለኛል ደሊል ላቡን እየጠረገ፣ «ይሄ ሞተር ወተቱን ትቶ ቦምብ ማለብ ጀመረ እንዴ?»

አፍንጫው አስቸገረኝ። ክብና ጥልቅ ስለሆነ ሉሁ ወደ ታች ሲሳብ ጫፉ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ይቀደዳል። ሦስት ሉህ በከንቱ አለቀብኝ። በአራተኛው ቀን የብስክሌት ሽቦ በእሳት አግዬ በፎርማው ጥግ ጥግ ተጨማሪ ቀዳዳ በሳሁ፤ አየሩ በአንድ በኩል ብቻ መውጣቱ ነበር ጥፋቱ። ወጣ። ለተኳሾቹ መስኮት ታጥቦ የጸዳ የራጅ ፊልም ለጠፍኩ። አንዱ በደንብ ስላልጸዳ ጠጋ ብለህ ስታየው የሰው ጎድን ይታያል። ልጄ አይቶት «አባኮ፣ ይሄ ውስጡ ያለው አብራሪው ነው?» ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከፋብሪካው ከወጣሁ ወዲህ ሞተር ከመጠገን ያለፈ ነገር ሠርቼ አላውቅም። ክንፎቹ ከሆዱ ጋር ተገጥመው በደሊል ግቢ የቆሙ ዕለት ሰው ከገበያ እየወጣ ሊያይ መጣ። እንግዳወርቅም መጣ። ዞሮ ዞሮ አየው፣ በጣቱ አንኳኳው፣ ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ጓድ ሌታ፣ አኮራኸን። አንተስ ምን እናድርግልህ?»

ለዚህች ጥያቄ ነበር ወሩን ሙሉ የለፋሁት። «ጌታዬ፣ ልጄን» አልኩት። «ከዝርዝሩ ያውጡልኝ።»

ወዲያና ወዲህ አየ። ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። «ስሙ ማነው?»

«ፈዬራ።»

ጻፈ፤ ከሥሩም ሁለቴ አሰመረበት። የአባቱን ስም አልጠየቀኝም፤ አባቱ ፊቱ ቆሜያለሁ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ እግሬ መሬት የረገጠ አይመስለኝም። ለጉዴ ነገርኳትና እልል ልትል ብላ አፏን በእጇ ያዘች፤ ጎረቤቶቻችን ልጅ ያላቸው ናቸው።

ጳጉሜን ሦስት ቀን ቀለም እየቀባሁ ሳለ ጉዴ የታጠፈ ወረቀት ይዛ መጣች። ማንበብ አትችልም፤ የስኳር ኩፖን መስሏታል። «ከቀበሌ ነው፣ አብዮት ጠባቂው ሰጠኝ» አለች። ወረቀቱ «ወጣት አሻግሬ ሌታ» ይላል። ለብሔራዊ ውትድርና ስለተመረጥክ መስከረም አራት ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሪፖርት እንድታደርግ።

መጀመሪያ የማን ነው አልኩ። በቀበሌያችን ሌላ ሌታ ፈለግሁ በሐሳቤ። ከዚያ ነው ብሩሹ ከእጄ የወደቀው።

አሻግሬ ልጄ ነው። ሕፃን ሳለ በጠና ታሞ ስለተነሣ ጉዴ ፈዬራ አለችው፤ በኦሮምኛ ድኗል ማለት ነው። አንደኛ ክፍል ላስመዘግበው ስወስደው መዝጋቢው መምህር «ይህ ለመዝገብ አይሆንም፣ ሌላ ስም አምጣ» አለኝ። እሱው አሻግሬ ብሎ ጻፈው። በዚያ ዘመን በየቤቱ የሆነ ነገር ነው፤ ማንም አልገረመውም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በካርዱ፣ በመታወቂያው፣ በቀበሌው መዝገብ አሻግሬ ነው። በቤት፣ በሰፈር፣ በኳስ ሜዳ ፈዬራ ነው። እኔ አሻግሬ ብዬ ጠርቼው አላውቅም።

«ማን ብለህ ነገርከው?» አለችኝ ጉዴ።

«ፈዬራ።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች።  

ከነቀለሜ ወደ ቀበሌ ሮጥኩ። የቀበሌው ጸሐፊ አመለሸጋ ይባላል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ፤ የሱን ያወጣው መልአክ ግን ሰውየውን ሳያየው ነው። ሻዩን እየጠጣ ሰማኝ።

«ጓድ እንግዳወርቅ ፈዬራን ሰርዝ አለኝ» አለ። «በዝርዝሩ ላይ ያለው አንድ ፈዬራ ነው። ፈዬራ ቀንዓ፣ የዱሬቲ ልጅ። ሰረዝኩት። ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

ዱሬቲን አውቃታለሁ። ባሏ ቀንዓ የሞተባት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ የምትሸጥ ሴት ናት። ቤቷ ከቤታችን አምስት ቤት ቢርቅ ነው።

«በስህተት ነው» አልኩት። «የእኔን አውጣልኝ።»

«ከቀበሌያችን የተጠየቀው አሥራ አራት ሰው ነው። ፈዬራን ሳወጣ ሌላ ተክቼ ሞላሁት። አሻግሬ ቢወጣ ደግሞ ቦታው ክፍት ሊቀር አይችልም።» ብርጭቆውን አስቀመጠና አየኝ። «የዱሬቲን ልጅ ልመልሰው?»

«መልሰው» አልኩ።

ሰይጣን አናገረኝ አልልም። እኔ ነኝ ያልኩት፣ በአንደበቴ፣ ሳላመነታ። አመለሸጋም ዝርዝሩን ስቦ ብዕሩን አነሣ፣ ከዚያ መልሶ አስቀመጠው።

«አልችልም» አለ። «በጓድ እንግዳወርቅ ትዕዛዝ የተሰረዘ ነው። የሱን ወረቀት አምጣ።»

እንግዳወርቅ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄዷል። ለበዓሉ ነው የሚመለሰው። ያን አራት ቀን እንዴት እንዳለፈ አላውቅም፤ አውሮፕላኑን ቀባሁ። ምን ላድርግ? ካልጨረስኩ ደግሞ የባሰ ይመጣል ብዬ ፈራሁ። ልጄ ሲነገረው «ምን ይደረጋል፣ አባኮ» አለና ሄዶ አሮጌ ጫማውን አሰፋ።

መስከረም ሁለት ቀን አውሮፕላኑ በኤንትሬ የጭነት መኪና ተጭኖ በአደባባዩ አለፈ። ሕዝቡ ኢምፔሪያሊዝም ይውደም ማለቱን ረስቶ አጨበጨበለት። እኔ አላየሁትም፤ ዓይኔ መድረኩ ላይ እንግዳወርቅ ላይ ነበር። ሰልፉ ሲበተን በጥበቃዎቹ መሃል ሾልኬ ደረስኩበት።

«ጌታዬ፣ ልጄ...»

«ሰረዝንልህ አይደለም እንዴ?»

«የመዝገብ ስሙ አሻግሬ ነው። ፈዬራ የቤት ስሙ ነው።»

ቆሞ ከላይ እስከ ታች አየኝ። የናቀኝ መሰለኝ። «ሰው የልጁን ስም ይሳሳታል?» አለ። «ዝርዝሩ ወደ ላይ ተልኳል። ለአንተ ብዬ አንድ ሰው አስወጥቻለሁ፤ ሁለተኛ ብል እኔንም ይጠይቁኛል።» አብረውት የነበሩት ለምሳ ጠሩትና ሄደ።

መስከረም አራት ቀን ጠዋት ልጆቹ በመኪና ተጫኑ። ስም ጠሪው «አሻግሬ ሌታ!» ሲል ልጄ «አቤት!» አለ። ከዚያ በፊት ለዚያ ስም እንዲህ ፈጥኖ ሲመልስ ሰምቼው አላውቅም። መኪናው ሲነሣ አላስችል አለኝና «ፈዬራ!» ብዬ ጮህኩ። ልጄ ከላይ ዞረ። ጓደኞቹን ሊሸኝ መንገድ ዳር የቆመው የዱሬቲ ልጅም ዞረ። የኔው እጁን አነሣልኝና መኪናው በአዲስ አበባ መንገድ ሄደ።

የሰው ወሬ ደግሞ የባሰበት ነው። ሌታ አንድ ስም ለማሰረዝ ተፈቅዶለት አባት ለሌለው ልጅ ሰጠው፣ የራሱን ላከ ተባለ። ደሊል እንኳ፣ ያ ፌዘኛ፣ እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። «አላህ ይክፈልህ፣ እንዳንተ ያለ ሰው አላየሁም» አለኝ። እንዲህ አይደለም ማለት አልቻልኩም። ስህተት ነው ብዬ ባወራ ወሬው አመለሸጋ ዘንድ ይደርሳል፤ የሚቀጥለው ዙር ሲመጣ የዱሬቲ ልጅ ስም ይታወሳል። የኔን ግን ማንም አይመልስልኝም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ዱሬቲ መጣች። ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ይዛለች፤ ሁለት ኪሎ ይሆናል፣ የዕለቱ ገበያዋ በሙሉ። ጉዴ በር ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ታውቃለች፤ ቀበሌ ሄጄ ያልኩትንም ነግሬያታለሁ።

ዱሬቲ «አካም ጅርቱ» ብላ ሰላምታ ሰጠችንና ወደ እኔ መጣች። ጉልበቴን ልትስም ስትጎነበስ ያዝኳት። «ኦቦ ሌታ፣ እኔ ምን አለኝ? ዋቃዮ ይክፈልዎት። ለልጄ እንዳዘኑለት ለልጅዎ የሚያዝን ሰው ይስጥዎት።»

አሜን አልኩ። ያወጣሁት ድምፅ የኔ አልመሰለኝም።

ቅቤውን ጉዴ ተቀበለቻት።  ዱሬቲን እስከ በሩ ሸኘቻትና አጥሩ ጋ ሲደርሱ እጇን ያዘቻት።

«ፈዬራን ሳሚልኝ» አለቻት።

ዱሬቲም እሺ ብላ ሄደች።